ያለ እርሳስ (ሊድ) የ12ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ስግራፊቶ ሳህን፦ ስሊፕ፣ ጭረት፣ ግሌዝ፣ ተኩስ

ቀይ_አፈር

ሰላም ለዚህ ቤት። ልሠራው የያዝኩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ሸክላ ሠሪዎች ይሠሩት የነበረውን፣ አጥኚዎች ቀጭን ስግራፊቶ (በቀጭን መስመር የተጫረ ጌጥ) የሚሉትን ጎድጓዳ ሳህን ነው። በቆሮንቶስ ቁፋሮ የወጣው፣ በኤጅያን ባሕር በአሎኒሶስ ደሴት አቅራቢያ ከሰጠመው መርከብም ከነጭነቱ የተገኘው ዓይነት። ገላው ቀይ ሸክላ ነው። ውስጡ እስከ አፉ ድረስ ነጭ ስሊፕ (በውኃ የቀጠነ ጭቃ) ለብሷል። ስሊፑ በቀጭን ሹል ተጭሮ ከሥሩ ያለው ቀይ ይታያል፣ ከላዩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ግሌዝ (በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆን ልባስ) አለ። ውጪው ከአፉ ዝቅ ብሎ ባዶውን ነው።

ያለኝ እስከ ኮን 04 የሚተኮስ (ኮን በተወሰነ ሙቀት የሚጎብጥ የምድጃ ሙቀት መለኪያ ነው) ቀይ ሸክላ፣ 60 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ምድጃና መንኮራኩር ነው። የድሮዎቹ ግሌዝ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ስለሆነ አልጠቀምበትም። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦

– ስሊፑ ሲደርቅ አፉ ላይ ተላጦ ይነሳል። ምኑ ይስተካከል?
– ጭረቱ ጥርት ብሎ አይወጣም፣ ዳርና ዳሩ ይሸረፋል።
– አረንጓዴውን በመዳብ ስሠራ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የድሮውን የቅጠል አረንጓዴ በምን አገኛለሁ?

ነጭ_ልባስ

እህቴ፣ ከስሊፑ እንጀምር፤ የዚህ ሥራ ግማሹ እሱ ነው። ብዙ ሰው ግሌዙን ሲያሳድድ ይውላል፣ ሳህኑን ቢዛንታይን የሚያስመስለው ግን በቀዩና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስሊፕ ሲደርቅ የሚነሳው ከሥሩ ካለው ጭቃ ይልቅ እሱ አብዝቶ ስለሚኮማተር ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ሳህኑ ከሚገባው በላይ ደርቆ ስሊፕ መቀባቱ ነው። ሳህኑ መኮማተሩን ሊጨርስ ተቃርቧል፣ ስሊፑ ገና መጀመሩ ነው። አፍ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ መላላጡ ከዚያ ይነሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሳህኑ ተሠርቶ እንደቆመ አፉን ብቻ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ እግሩና ሆዱ ጠፈፍ እስኪሉ አፉ ይጠብቃቸዋል። ስሊፑን የምትቀቡት ሳህኑ ጠፈፍ ብሎ፣ በጣት ሲጫኑት ቅርጹን ሳይለቅ ነገር ግን ገና ሲቀዘቅዝ ነው።

ሁለተኛው የስሊፑ ቅንብር ነው። እኔ የምመክረው በክብደት ከ100፦

ካኦሊን (ነጭ ጭቃ) 35
ቦል ክሌይ (የሚለጠጥ ደቃቅ ጭቃ) 30
ሲሊካ 20
ፌሮ ፍሪት 3124 (ቀልጦ የተፈጨ መስታወት፤ ፌሮ የንግድ ስም ነው)፣ 15

ሲደርቅ የሚነሳ ከሆነ ቦል ክሌዩን 10 ቀንሱና በምትኩ የተተኮሰ ካኦሊን ጨምሩ። የተተኮሰው ውኃውን አስቀድሞ ስለጣለ አይኮማተርም። ሲደርቅ ደህና ሆኖ ከተኩስ በኋላ አፉ ላይ በስለታም ቅርፊት የሚዘል ከሆነ ግን ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ስሊፑ ከገላው ያነሰ ተኮማትሯል። ያን ጊዜ የተተኮሰውን ካኦሊን መልሳችሁ በጥሬው ተኩ። ሁለቱን አታምታቱ፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ያባብሰዋል።

በ80 ቁጥር ወንፊት ሁለት ጊዜ አሳልፉት። ውፍረቱን በዓይን አትለኩ፤ 100 ሚሊ ሊትሩ ከ145 እስከ 150 ግራም መመዘን አለበት። ሳህኑ ውስጥ አፍስሱ፣ አንድ ጊዜ አዙሩ፣ በ4 ሰከንድ ውስጥ ገልብጡ። የሚቀረው ንብርብር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ከወፈረ ጭረቱ ቀዩን ሳይነካ ይቀራል፣ ከሳሳ ደግሞ ግሌዙ ሲቀልጥ ነጩን ይበላውና ቡናማው ያፈተልካል። ውጪውን አፉን ብቻ ነክራችሁ አንድ ጣት ያህል አልብሱ፤ ከዚያ የወረደ ጠብታ ካለ አትጥረጉት፣ በድሮዎቹም ላይ አለ።

የቆሮንቶስ_ስባሪ

ነጭ_ልባስ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በቁስጥንጥንያ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግሌዝ ይቀባ የነበረው ነጭ ገላ ባለው ሸክላ ላይ ነበር፤ ጭቃው ራሱ ነጭ ስለሆነ ስሊፕ አያስፈልገውም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ12ኛው ቀይ ጭቃ እየገነነ ሲመጣ ነጭነቱን በስሊፕ ማምጣት ግድ ሆነ። ስግራፊቶ የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጭረት ያለበትን ሥራ በነጭ ሸክላ ላይ አትሥሩ፤ የሚታይ ነገር አይኖርም።

በዚያ ዘመን ትልቁ ማምረቻ በኤቪያ ደሴት ላይ ያለችው ካልኪስ እንደነበረች የጭቃው ኬሚካል ምርመራ አሳይቷል። ቆሮንቶስ ላይ የተገኘ ሁሉ ቆሮንቶስ የተሠራ አይደለም።

እህቴ፣ ጌጡንና ዘመኑን አታደባልቂ። ቀጭን ስግራፊቶ በአንድ ቀለም ግሌዝ ነው። በጭረቱ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ የሚረጨው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ የሴሬስና የተሰሎንቄ፣ የቆጵሮስም ሥራ። የ12ኛውን ጥምዝምዝ ሠርተሽ የ14ኛውን ቀለም ካፈሰስሽበት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ስለት

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

የጭረቱ ጊዜ አጭር ነው። ስሊፑ ማብረቅረቁን ሲተውና ጣት ሲነካው ሳይለጠፍ፣ ጥፍር ሲጫነው ግን ምልክት ሲተው፣ ያኔ ጀምሩ። ምልክቱ ከሹሉ የሚወጣው ጭቃ ነው፦

ከሹሉ ጋር ተለጥፎ ከተጎተተ ገና እርጥብ ነው።
እንደ ክር ተጠቅልሎ በራሱ ከወደቀ ደርሷል።
ዱቄት ሆኖ ከበነነ አልፏል፤ የሸረፈሽ ይኸው ነው።

ያለፈበትን በውኃ ጭጋግ ለመመለስ አትሞክሪ። ላዩ ስሊፕ ይረጥባል፣ ከሥሩ ያለው ደረቅ ይሆናል፣ የባሰ ይላላጣል። ከመነሻው እርጥበቱን ለመያዝ ሳህኑን እርጥብ ስፖንጅ በተነጠፈበት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጪ፣ ከዚያ እያወጣሽ ጫሪ።

መሣሪያው መርፌ ነው፤ ግን ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አዶልዱሚው። ሹል መርፌ ይቆርጣል፣ ዳሩንም ያነሳል። ጫፉ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ክብ ሲሆን ያርሳል። ወደ ራስሽ አዘንብለሽ ጎትቺ፣ አትግፊ። ጥልቀቱ ስሊፑን አልፎ ቀዩን ትንሽ መንካት ብቻ ነው። ግሌዙ ጭረቱ ውስጥ ስለሚጠራቀም መስመሩ ከተኩስ በኋላ ከጫርሽው በላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ስለዚህ በጥልቀት ማካካስ አያስፈልግም።

ከጭረቱ ዳር የሚቆመውን ፍርፋሪ በእርጥቡ አትንኪ። በእርጥቡ ከጠረግሽው ቀዩ ጭቃ ነጩን ያቆሽሸዋል፣ በጭረቱም ውስጥ ነጩ ይገባል። ክው ብሎ ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ይረግፋል። ጭንብል አድርጊ፣ አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ አለበት።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሳህኑን መንኮራኩር ላይ መሐል አድርገሽ ክቦቹን በሙሉ፣ ከአፍ ወደ መሐል። ቀጥሎ የመሐሉን ክብ ጌጥ ዋና ዋና መስመሮች፦ የወፏን ጀርባና ክንፍ፣ ወይም የጥንቸሏን ጆሮና ወገብ። በመጨረሻ ባዶውን የሚሞሉ ጥምዝምዞች። ጥምዝምዙን በአንድ ትንፋሽ፣ እጅሽን ሳታነሺ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ። የድሮዎቹ ፈጥነው ይሠሩ እንደነበር መስመሩ ራሱ ይናገራል፤ መጀመሪያው ላይ ወፍሮ መጨረሻው ላይ ይሳሳል። ቀስ ብሎ የተሳለ ጥምዝምዝ በጣም እኩል ሆኖ ይወጣና ሕይወት ያጣል።

ስለ ሰፊው ጭረትና ሻምፕሌቬ (መደቡን ፍቆ ምስሉን ነጭ የሚያስቀረው ዘዴ) ሌላ ጊዜ። እነሱ 12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና 13ኛው መጀመሪያ ላይ የሚገንኑ ናቸው፣ መሣሪያቸውም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ምላጭ ነው።

ሐዋሳ_ሸክላ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ኢትዮጵያ ላለን ሰዎች፦ የቦምቦውሃ ካኦሊን ለስሊፑ ይሆናል?

ነጭ_ልባስ

ይሆናል፣ ግን ታጥቦ። ጥሬው ኳርትዝና ሚካ አለበት። አንድ እጅ ካኦሊን በአምስት እጅ ውኃ አንድ ቀን ዘፍዝፉ፣ በደንብ በጥብጡ፣ ሁለት ደቂቃ አስቀምጡ፣ አሸዋው ወደ ታች ሲቀር ላዩን በ80 ቁጥር ወንፊት ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡ። ይህን ሁለት ጊዜ። ከዚያ አስረግታችሁ ውኃውን ከላይ ቅዱ።

ታጥቦም ቢሆን ለብቻው ገላው ላይ አይጣበቅም፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይበናል። ቦል ክሌይ ካላገኛችሁ ቤንቶናይት (በውኃ የሚያብጥ፣ የሚያጣብቅ ጭቃ) 3 በመቶ በሙቅ ውኃ አስቀድማችሁ በጥብጣችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ በትንሽ የሸክላ ቁራጭ ሞክሩት፣ ነጭነቱም ከተኩስ በኋላ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ፍሪት_ሚዛን

ሦስተኛው ጥያቄ። የድሮው ግሌዝ የእርሳስና የሲሊካ ነው፣ ከግማሽ በላዩ የእርሳስ ኦክሳይድ የሆነ። እርሳስ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ብርሃንንም አብዝቶ ይሰብራል፤ ጥልቀት ያለው የሚመስለው ለዚህ ነው። በእሱ ውስጥ ብረት ማር ይሆናል፣ መዳብ ቅጠል ይሆናል።

መዳብ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ሶዲየምና ፖታሲየም ሲበዛበት ነው። ፍሪት 3110 ከሆነ ያለሽ፣ ምክንያቱ እሱ ነው፤ ሶዲየሙ ብዙ ነው። የቦሮንና የካልሲየም ፍሪት ያስፈልግሻል። መነሻ፦

ፌሮ ፍሪት 3195፣ 88
ካኦሊን 12

በዚህ ላይ፣ በተጨማሪነት፦

ለፈዛዛው ቢጫ፦ ቀይ የብረት ኦክሳይድ 1.5 እስከ 2
ለቅጠል አረንጓዴ፦ የመዳብ ካርቦኔት 2 እና ቀይ የብረት ኦክሳይድ 1

ብረቱን አትተዪው። ያለ ብረት የቦሮን ግሌዝ ነጩ ስሊፕ ላይ ቀዝቃዛ፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የመሰለ ነጭ ይሆናል። የቢዛንታይኑ ሙቀት ያለው ነጭ ነው።

የቦሮን ግሌዝ አንድ ጠባይ አለው፦ ቀይ ገላ ላይ ሲወፍር ወተት የመሰለ ሰማያዊ ደመና ይሠራል። ጭረቱ ውስጥ ይህ ሲሆን መስመሩ በሙሉ ይደበዝዛል። ለመከላከል ግሌዙን አሳሺ (100 ሚሊ ሊትሩ 140 ግራም፣ ሁለት ሰከንድ ብቻ መንከር)፣ ካኦሊኑን ወደ 15 ከፍ አድርጊ፣ በምድጃው ማቀዝቀዝ ላይ ደግሞ ጋሽ እሳት ይናገሩ።

ግሌዙ ሸሽቶ እየተሰበሰበ ስሊፑን ባዶ የሚያስቀረው አቧራ ሲኖር ነው። ከመጀመሪያው ተኩስ የወጣውን ሳህን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጊና አንድ ሌሊት አድርቂ፤ በተለይ ጭረቱ ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ እንዳይኖር።

ጥንታዊ_እጅ

በሁሉም እስማማለሁ፣ ግን ያለ እርሳስ የሚወጣው ያንን አይመስልም። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ በፍሪት መልክ ያለውን የእርሳስ ባይሲሊኬት ለምን አትጠቀሚም? እንደ ጥሬው ዱቄት አደገኛ አይደለም።

ፍሪት_ሚዛን

ወንድሜ፣ በዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር፣ ሌሎችም ያነቡታል።

እርሳስ ያለው ግሌዝ ሲተኮስ ከፊሉ ይተናል። የሚቀመጠው ምድጃው ጡብ ላይና መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ምድጃ የምትተኩሰው ቡና መጠጫ ሁሉ ድርሻውን ያገኛል። እህታችን ያላት ደግሞ አንድ ምድጃ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሪቱ በራሱ ደህና ቢሆን እንኳ መዳብ ሲጨመርበት ከግሌዙ የሚለቀቀው እርሳስ በጣም ይጨምራል። ይህ የታወቀ ነው፣ አረንጓዴው ከሁሉ የከፋው ነው። ሦስተኛ፣ «ለጌጥ ብቻ» የተባለ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ጌጥ ሆኖ አይቀርም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሎሚ ይቆርጥበታል፣ ጠጅ ይቀዳበታል። የኛ ምግብ አሲድ ይበዛዋል፤ እርሾው፣ ቲማቲሙ፣ ጠጁ።

በአውሮፓ ለሳህንና ለመጠጫ ደንቡ የሚፈቅደው መጠን ጠልቆ ለሚሞላ ዕቃ 4 ሚሊ ግራም እርሳስ በሊትር ነው፤ ምርመራው በ4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ለ24 ሰዓት ነው። ይህን በቤት ምድጃ በተኮሱት የእርሳስ ግሌዝ ማረጋገጥ ከላብራቶሪ ውጪ አይቻልም።

የመልኩን ልዩነት ግን አልክድም። ነጸብራቁ ያንሳል። የሚቀርበውን ለማግኘት ግሌዙን ማወፈር ሳይሆን ስሊፑን ማለስለስ ነው፦ ስሊፑ ጠፈፍ ሲል፣ ከጭረቱ በፊት፣ በለስላሳ ጎማ አንድ ጊዜ ብቻ አሹት። ላዩ ሲተኛ ከላይ ያለው ስስ ግሌዝ እንደ ወፍራም ያበራል።

ጋሽ_እሳት

ልጆቼ፣ እሳቱን በሁለት እንክፈለው። የድሮዎቹ የእርሳስ ግሌዝ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይበስላል፣ ምድጃቸውም ክብ ሆኖ ከታች እሳት ቤት፣ ከላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወለል ነበረው። የኛው የቦሮን ስለሆነ ትንሽ ከፍ ይላል።

የመጀመሪያው ተኩስ ከሁለተኛው መብለጥ አለበት። ይህን ብዙዎች ይገለብጡታል። ገላው አየሩንና ካርቦኑን በመጀመሪያው ካልጨረሰ በሁለተኛው በግሌዙ ውስጥ ይወጣና የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል።

የመጀመሪያው፦ በሰዓት 80 ዲግሪ እስከ 200፣ እዚያ አንድ ሰዓት። በሰዓት 100 እስከ 700። ከ700 እስከ 900 በሰዓት 60፤ ቀይ ጭቃ የኖራ ድንጋይ ካለበት ድንጋዩ የሚፈርሰው እዚህ ነው፣ ካርቦኑም እዚህ ይቃጠላል። ክዳኑ ላይ ያለው ቀዳዳ እስከ 900 ክፍት ይሁን። ከዚያ በሰዓት 100 እስከ ኮን 04፣ ማለትም 1060 አካባቢ፣ 15 ደቂቃ።

ሁለተኛው፦ በሰዓት 150 እስከ 900፣ በሰዓት 60 እስከ 1015፣ 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ወደ 960 ይውረድና 20 ደቂቃ ይያዝ፤ ግሌዙ ሲወፍር አረፋው ይዘጋል። ከ960 እስከ 750 ግን ምድጃውን አጥፍታችሁ በራሱ ፍጥነት ይውረድ። ፍሪት_ሚዛን ያለው ሰማያዊ ደመና የሚሠራው እዚህ ሲዘገይ ነው። ክዳኑን ግን አትክፈቱ።

በምስክር ኮን እመኑ፣ በዲጂታሉ ቁጥር አይደለም። በትንሽ ምድጃ ከላይና ከታች መደርደሪያ መካከል አንድ ኮን ልዩነት የተለመደ ነው፤ አረንጓዴውን ታች፣ ቢጫውን ላይ አድርጉ።

ከተኩስ በኋላ ባሉት ቀናት ከገላው ነጭ ነጥብ እያስፈነጠረ ቅርፊት የሚያነሳ ከሆነ የኖራ ድንጋይ ፍሬ አለበት ማለት ነው። ጭቃውን በ60 ቁጥር ወንፊት አሳልፉ።

ቀይ_አፈር

በጣም አመሰግናለሁ። ያለኝ ፍሪት በርግጥ 3110 ነው። ሁለት ቀሪ ጥያቄ፦ ስንት ኪሎ ጭቃ ልውሰድ? እና ሳህኖቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬ መተኮስ እችላለሁ?

የቆሮንቶስ_ስባሪ

ልኩ፦ ተተኩሶ 24 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 9 በመቶ ገደማ መኮማተርን አስበሽ በ26.5 ሥሪ። የራስሽን ጭቃ ግን በ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ለኪው። 1.6 ኪሎ ጀምሪ፤ ሲቀረጽ ወደ 1.2 ይወርዳል። እግሩ ዝቅተኛ ነው፣ ስፋቱ 9፣ ከፍታው 1 ሴንቲ ሜትር። ግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር። አታሳሺው፤ ቀጭን ግድግዳ የዘውክሲጶስ የሚባለው የኋለኛው ሥራ መለያ ነው፣ በቁስጥንጥንያ በዘውክሲጶስ መታጠቢያ ቁፋሮ ስም የተሰየመው።

መደርደሩ ላይ፦ ባለ ሦስት እግር የሸክላ መለያያ በቢዛንታይን የሚታየው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። እንደ ጉልቻ በሳህኑ ውስጥ ተቀምጦ ሁለተኛውን ይሸከማል፣ ሲነሳ ሦስት ጠባሳ ይተዋል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሳህንሽ ውስጥ እነዚህ ሦስት ነጥቦች ካሉ ዘመኑ ተሳስቷል። ለዚህ ሥራ ለየብቻ በመደርደሪያው ላይ፣ የእግሩ ሥር ከግሌዝ ተጠርጎ።

ስለት

ለኋለኛው ዘመን ሥራ የሚፈልግ ካለ፦ መለያያውን ከዚያው ጭቃ 20 በመቶ የተፈጨ ሸክላ ጨምራችሁ ሥሩት፣ ጫፎቹን አሹሏቸው፣ ያለ ግሌዝ በኮን 04 አስቀድማችሁ ተኩሱ። ከአራት ሳህን በላይ አትደርድሩ። ጠባሳውን በሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ እርጥብ አድርጋችሁ ሙረዱ፣ መነጽር አድርጉ፤ የግሌዝ ስንጣሪ መስታወት ነው።

ነጭ_ልባስ

ከሳህኑ በፊት ቁራጭ ሥሪ፣ እህቴ። ጠፍጣፋ ሳይሆን የተሰበረ ሳህን ጠርዝ የመሰለ፣ ቆሞ የሚተኮስ፤ ግሌዝ የሚፈስስበትን የምታዪው በቆመ ላይ ነው። ግማሹን ስሊፕ ነክረሽ ግማሹን ቀዩን ተዪ፣ ሁለቱንም ጫሪ። የብረቱን መጠን 1፣ 1.5፣ 2፣ 3 አድርጊ። ቁጥሩን ከኋላ በብረት ኦክሳይድና በውኃ ጻፊ፣ አይጠፋም።

የቆሮንቶስ_ስባሪ

በሳህኖቹም ላይ እንዲሁ። ከእግሩ ሥር፣ ጠፈፍ እያለ፣ የተሠራበትን ዓመትና የራስሽን ምልክት በጥልቀት ጫሪ። በቀለም የተጻፈ ይፋቃል። ጥሩ ሆኖ የወጣ ሳህን ከእጅሽ ከወጣ በኋላ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ገበያ ላይ ሊቀርብ ይችላል፤ ከጭቃው ጋር የተተኮሰ ዓመት ግን ሳይታይ ሊሰረዝ አይችልም።

ቀይ_አፈር

ይሁን። ቁራጮቹን በ3195 እሠራለሁ፤ የአረንጓዴውን ሁለት ዓይነት፣ ብረት ያለውንና የሌለውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ፎቶውን በዚህ ሥር እለጥፋለሁ።